ከጓሮ የመጣው ተኩስ

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ገደሉት። በእኛ ደጃፍ ገደሉት።

ነገ እጽፋለሁ። አምላኬ ሆይ፣ ነፍሱን ተቀበል።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ሥራ የለም። መንገዱ ተዘግቷል። ሳይደበዝዝብኝ ያየሁትንና የሰማሁትን ላስፍር።

የሰፈራችን ተመራጭ ከስብሰባ አዳራሹ ሲወጣ ሁልጊዜ በእኛ በር ነው የሚያልፈው። እኛ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ነን፤ ባልዲ፣ አሸንዳ፣ የውኃ ታንከር እንሠራለን። ሌላው ባለሥልጣን ጩኸታችንን እየረገመ ያልፋል። እሱ ግን ገብቶ ይጨብጠናል። ጥላሸታም እጄን ጨብጦ መዳፉን በመሐረብ ያልጠረገ ሹም እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ለዚህ ነው ሲመጣ መዶሻ አስቀምጠን የምንጠብቀው።

ትላንትም በሩ ላይ ቆመን ነበር። አንድ ኮት የለበሰ ጎልማሳ ከሕዝቡ መሐል ወጣና ክንዱን ዘረጋ፤ ተኮሰበት። ጠባቂዎቹ ጎልማሳውን ባለበት ጣሉት። ይህን በዓይናችን አይተናል። እኛ ወደ ውስጥ ሮጠን ባላለቀው ትልቅ ታንከር ጀርባ ተወሸቅን። ከዚያ ጸጥ አለ። ሞት ራሱ ትንፋሹን የሰበሰበ ይመስል ነበር። ከዚያ አንዲት ተኩስ።

እቺ የመጨረሻዋ ከመንገድ አልመጣችም። ከጓሮ ነው የመጣችው፣ በስተቀኛችን፣ ያ አንቴና ጠጋኙ ከሚኖርበት ፎቅ በኩል። አምስታችንም ሰምተናል። አምስታችንም ባንዴ አንገታችንን ወደ ጓሮው መስኮት ነው የመለስነው። ሚስማር (ቅጥነቱን አይቶ ነው ሰፈሩ እንዲህ ያለው) "አለቃ፣ ከኋላም አሉ!" ብሎ መሬት ላይ ተዘረረ።

አንድ ሰው ይሳሳታል። አምስት ሰው እንዴት አብሮ ይሳሳታል?

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ሰውየውን የገደለችው የመጨረሻዋ ጥይት ናት ተብሎ ጠጋኙን፣ ሰፈሩ አንቴና የሚለውን፣ ያዙት። ጣሪያው ላይ ነበር፣ ረጅም ብረት በእጁ ይዞ። ለአንቴና ምሰሶ ነው ይላል። ጠመንጃ አልተገኘም፤ ጥሎት ይሆናላ።

አልገረመኝም። እዚህ ላይ ፈጣሪ ይመስክርብኝ፣ ቂም ይዤ አይደለም። ከወርክሾፑ አጠገብ ባለው ቤቴ የሚስቴ ለቅሶ ሳይወጣ፣ ሰው ተቀምጦ እያለቀሰ፣ ሬድዮውን ለቆ ሰፈሩን በዘፈን ያናወጠ ሰው ነው። ያኔ ወጥቼ ሰው ፊት ልክ ልኩን ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ቆመ። መልስ የለውማ። ይቅር ብዬዋለሁ ካልኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ግን ለሞተ ሰው ክብር የሌለው ለቆመ ሰው ከየት ያመጣል?

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

መርማሪው ጠራኝ። ልብሱ የተተኮሰ፣ አፉ የታጠበ ሰው ነው። "አባት፣ እርስዎ ጸሎተኛ እንደሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ነግሮኛል። የእርስዎ ቃል ለእኔ እንደ ማኅተም ነው" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ። አርባ ዓመት በቆርቆሮ ጩኸት ውስጥ ስኖር ማንም ማኅተም ብሎኝ አያውቅም።

በግራዬ በኩል ወንበር ስቦ ተቀመጠና እየጠየቀ ይጽፍ ጀመር። የዘመኑ ሰው ሲናገር ቃሉን ይውጣል። ሁለት ሦስቴ "እንዴት አሉኝ?" አልኩት። በመጨረሻ የጻፈውን አነበበልኝ። በፍጥነት ነው ያነበበው፤ ራሴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኩና ፈረምኩ። የተማረ ሰው ያነበበውን "ድገምልኝ" ማለትም ያሳፍራል።

ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ አስገባ። የቆዳ ከረጢት የመሰለው በርሜል (የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እድሜያችን እኩል፣ ሆዳችን ግን አይደለም) እየሳቀ ወጣ። "ምን ጠየቀህ?" አልኩት። "አንተን የጠየቀህን። ያልከውን አልኩ" አለኝ። 

ያልከውን አልኩ። ይህን አባባል አልወደድኩትም። የሰማሁትን አልኩ ነው የሚባለው።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ከሻይ ሻጯ ጋር ተጣላሁ። ከወርክሾፑ ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር ነው የምትሸጠው። ለመርማሪው የመጨረሻዋ ተኩስ ከመንገዱ ናት፣ ከተመራጩ መኪና አጠገብ ናት ብላዋለች አሉ። 

"አንቺ ጠረጴዛ ሥር ተደብቀሽ ምን ሰማሽ?" አልኳት።

"በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አልሰማ! ጠረጴዛው ጆሮዬን አልደፈነው። አንተስ የት ነበርክ? ታንከር ሥር አይደለህ?"

"ከጓሮ ነው የመጣችው። አምስት ወንድ ሰምቷል።"

"አምስት ወንድ!" አለችና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ገጭ አድርጋ አስቀመጠችው። "በቁጥር ነው እንዴ የሚሰማው? ሂድ ወዲያ፣ ሻዬን አታቀዝቅዝብኝ።"

ሰው ሰምቶ መሳቁ አልገረመኝም። የገረመኝ የሰው ደም እንደ ገበያ ወሬ መቅለሉ ነው። ያ ሰውዬ እኮ እሷንም ይጨብጣት ነበር!

ማታ ለጸሎት ስንበረከክ ቁጣዬ አልበርድ አለ። ልጄ ከኋላዬ ሆና ሦስቴ እንደጠራችኝ ነገረችኝ። ጸሎት ላይ ነኝ አልኳት።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ጋዜጣ ላይ ወጣን። "አምስቱ የቆርቆሮ ሠራተኞች በአንድ ቃል።" የወርክሾፑ ባለቤት ጋዜጣውን ገዝቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሚስማር "አለቃ፣ አሁን ሚስት ትገኝልኝ ይሆን?" ይላል። በርሜል "ጋዜጣው ላይ ፎቶህ የለም፣ ተስፋ አለህ" አለው።

ሳቅሁ። ከተገደለ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው አፈርኩ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

የአንቴና ጠበቃ መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። ምንም አልነግርሽም ልላት ነበር፤ ግን ሰላምታዋ ትሕትና ነበረውና አስቀመጥኳት። 

"አባቴ፣ የፈረሙትን ቃል አንብበውታል?"

"ተነቦልኛል።"

ወረቀቱን ሰጠችኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። "ተከሳሹ ከነበረበት ጣሪያ ላይ ሲተኮስ በግልጽ ሰምቻለሁ" ይላል። 

ጣሪያ አላልኩም! ከጓሮ በኩል ነው ያልኩት። ጓሮ ጣሪያ አይደለም። ጓሮ ውስጥ ስንት ነገር አለ፤ አጥር አለ፣ መጸዳጃ አለ፣ የሰው መስኮት አለ። እኔ ቃል ስሰጥ እነሱ ቃሌን ይዘው ጣሪያ ላይ ወጡ! አሥር ጊዜ "ማኅተም" ያለኝ ሰው ማኅተሜን በሌላ ወረቀት ላይ ነው የመታው። ደሜ ፈላ።

"ታዲያ ሲያነቡልዎ ለምን አላረሙትም?" አለችኝ፣ በቀስታ።

በፍጥነት ነው ያነበበው አልኳት።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆማ የሆነ ነገር ተናገረች። አልገባኝም። ልጄ "ፍርዱ ሞት ሊሆን ይችላል ነው ያለችህ አባዬ" ብላ ደገመችልኝ።

ግንቦት 10

ሞት። በጆሮዬ የተነሳ። እንዴት በጆሮዬ ብቻ? የእነሱ ሥራ የት ገባ?

ሥራ በዝቷል። የአሸንዳ ትእዛዝ። ዝናቡ ገብቷል።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

የአንቴና እናት መጡ። ደረጃ ወርደው፣ ጓሮውን ዞረው፣ በዚያ ጉልበታቸው። ሊለምኑኝ ነው ብዬ ልቤን አጠነከርኩ።

"እማማ፣ ስለ ፍርድ ቤቱ ከሆነ…"

"አይደለም። ስለ ሬድዮው ነው።"

የምሰማውን ማመን አቃተኝ። ልጃቸው ገመድ ላይ ሊወጣ፣ ስለ ሬድዮ!

"ልጄ እስር ቤት ሆኖ የላከኝ ነው። 'ያቺን ነገር እስከዛሬ በልባቸው ይዘዋት ከሆነ ንገሪያቸው' ብሎኝ። ሚስትህ ያረፈች ጊዜ እኛ ቤት ሬድዮ አልነበረም። ተበላሽቶ ነበር፤ ዛሬም ተበላሽቶ እንደተቀመጠ ነው። የሰው ሲጠግን የራሱን መቼ ጠገነ። ዘፈኑን የከፈተው መንገድ ዳር ያለው ልብስ ሰፊ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አለ? ስጮህበት ለምን ዝም አለ?"

"ከለቅሶተኛ ጋር ልከራከር እንዴ እማ፣ ነው ያለኝ።"

ሻይ ላፍላልዎ አልኳቸው፤ አልተቀመጡም። ወደ ደረጃው እስኪደርሱ ክንዳቸውን ደግፌ ወሰድኳቸው።

ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው ሄድኩ። የሁለት ዓመት ነገር ምን ብዬ ልጠይቀው? ግን ጠየቅሁት። ጭንቅላቱን አከከና "ኧረ ጋሼ፣ በኋላ ነው ለቅሶ እንዳለ የሰማሁት። አንቴና መጥቶ ዝጋው አለኝና ዘጋሁት። እርስዎ ጋም ለይቅርታ ልመጣ ፈርቼ ቀረሁ" አለ።

አንቴና መጥቶ ዝጋው አለው።

ያን ቀን ዘፈኑ ከጓሮ ነበር የመጣው። ከጓሮ፣ በስተቀኜ። በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ዛሬም እምላለሁ… አልምልም። መሐላ ይቅርብኝ።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ከጸሎት ስንመለስ ለልጄ ነገርኳት። እሷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስትሰማ ትውላለች። በግራዬ በኩል ትሄድ ነበር። ከዚያ በፊቴ ዞራ መጣችና በቀኜ በኩል ቆመች።

"አባዬ፣ ግራ ጆሮህ እኮ አይሰማም።"

"ማነው ያለው?"

"ማንም አይልህም፤ ትቆጣለህ። እኔም እማዬም እናውቅ ነበር።"

ተቆጣሁ። መንገድ ላይ ተቆጣሁ፣ ሰው ዞሮ እስኪያየን። የማይሰማ ሰው እንዴት አርባ ዓመት አለቃ ይሆናል? ሞተር ሲበላሽ ከሁሉ በፊት የምሰማው እኔ አይደለሁም? ሰው ድምፁን ከዋጠ ጥፋቱ የእኔ ነው? ሁሉን ተናገርኩ። ልጄ እስክጨርስ ጠበቀች።

"እማዬ የአልጋውን ጎን ለምን የቀየረች ይመስልሃል?"

መስኮቱን ሸሽታ ነዋ። እንደዚያ ነው ያለችኝ። "አየር ይነፍስብኛል፣ አንተ በዚያ ሁን" አለችኝ፤ ተቀየርኩላት። ከዚያ ወዲህ በሕይወት እስካለች ድረስ በቀኜ ተኛች። ማዕድ ላይ በቀኜ። ስንሄድ በቀኜ። የክብር ቦታ ናት ብዬ እቀልድባት ነበር፤ ትስቅ ነበር።

አንዲት ቀን እንኳ "አትሰማም" አላለችኝም። ዞራ መጣች እንጂ።

አሁን ውጭ ይዘንባል። በግራዬ ተኝቼ ቀኝ ጆሮዬን ወደ ላይ ሳደርግ ቆርቆሮው ጣሪያ ይጮኻል። ተገላብጬ ቀኝ ጆሮዬን ትራስ ላይ ሳስቀምጥ ዝናቡ ያቆማል። ተነሳሁ፤ እንደገና ሞከርኩ። ይዘንባል። ያቆማል።

አምላኬ፣ ስለ ምን ስትነግረኝ ኖረህ ይሆን፣ እኔ በዚያኛው ጎን ሆኜ?

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ዛሬ ወርክሾፑን እንደ እንግዳ ቆሜ አየሁት።

አምስት ሰው ተሰልፎ ይሠራል። መንገዱ በግራ፣ ጓሮው በቀኝ፤ ብርሃኑ ከበሩ በግራ ትከሻ ላይ እንዲወርድ መምህሮቻችን እንዲህ ነው ያቆሙን። ታንከሩን በግራ ትከሻ ደግፈን፣ ግራ ጉንጫችንን ከላሜራው አጣብቀን፣ በቀኝ እጅ መገጣጠሚያውን እንቀጠቅጣለን። ጆሯችን ከመዶሻው አንድ ስንዝር አይርቅም፤ ግራው። ሁልጊዜ ግራው። የሁላችንም።

እኛ ዘንድ ሰው በስሙ አይጠራም። ሌላውን የፈለገ ቁራጭ ቆርቆሮ እግሩ ሥር ይጥልለታል፤ ወይ ትከሻውን ይነካዋል። እንግዳ ሲመጣ ይስቃል። እኛም በጨዋታ ይዘነው ኖረናል። ጨዋታ አይደለም ለካ!

ያን ቀን ታንከሩ ሥር ስንወሸቅም እንደ ሥራችን ነው የተወሸቅነው፣ ግራ ትከሻችንን ደግፈን። ከመንገድ የመጣው ድምፅ የሚገባበት በር ቀኙ ብቻ ነበር። ቀኙ ደግሞ ጓሮውን ነበር የሚያየው።

አምስት ምስክር አልነበርንም። አንድ ጆሮ ነበርን።

ምሳ ላይ ለበርሜል ነገርኩት። ዳቦውን አስቀመጠ።

"ደንቆሮ ነህ ልትለኝ ነው?"

"ሁላችንም ነን።"

"ለራስህ ተናገር! ባለቤቱ ያንን ብየዳ ሠራተኛ ለምን እንዳባረረው ረሳህ? 'የማይሰማ ሰው ማሽን ይበላዋል፣ እኔን ዕዳ ውስጥ ይከተኛል' አላለም? አራት ልጅ አለኝ። አንተ ልጅህ ታበላሃለች።"

"ሰውየው ሊሞት ነው እኮ።"

"የሚገድለው ዳኛው ነው፣ እኔ አይደለሁም" አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ከዚያ ተመልሶ ዞረ፤ ዓይኑ ቀልቷል። "ደግሞ ሬሳውን ረሳኸው? ማን ገደለው ታዲያ? አንተ ከቃልህ ስትወጣ ገዳዩም አብሮህ ይወጣል፣ አውቀህ ግባበት።"

ይህ ነው ያጎበጠኝ። እውነቱን ነው።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

መርማሪው ዘንድ ሄድኩ። ቃሌን ላስተካክል ነው አልኩት። ፈገግታው ሳይለወጥ "ማን አነጋገረዎት?" አለኝ።

"ዝናቡ" ልለው ነበር። "ልጄ" አልኩት።

"አባት፣ ድካም ነው። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ያን ጊዜ ያሉትን ይደግማሉ፤ በቃ።" ደግሞ በግራዬ መጥቶ የሆነ ነገር አንሾካሾከልኝ። ምን እንዳለኝ አላውቅም። ማስፈራሪያም ከሆነ ባክኖ ቀረ።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ቆምኩ። ተናገርኩ። 

ዐቃቤ ሕጉ ጋዜጣ ላይ እንዳለው አድርጎ አሞገሰኝና "የመጨረሻው ተኩስ ከየት መጣ?" አለኝ። "ተኩሱን ሰምቻለሁ። ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም። ግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ በአንድ ጆሮ ደግሞ ድምፅ ሁሉ ከሚሰማው ጆሮ በኩል የመጣ ይመስላል። አብረውኝ የነበሩትም እንደኔው ናቸው" አልኩ።

አዳራሹ ተንጫጫ። መንጫጫቱንም ከቀኝ ነው የሰማሁት።

ዐቃቤ ሕጉ እንደ ሌባ ያየኝ ጀመር። "ሚያዝያ ላይ ይሰማ የነበረ ጆሮ ሰኔ ላይ ደነቆረ?" ሰው ሳቀ። "ስንት ከፈሉዎት?"

አርባ ዓመት ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ ማንም "ጆሮህ እንዴት ነው?" አላለኝም። ሲጠቅማቸው፣ ሳይመረምሩ፣ ሳይጠይቁ፣ በአምላክ ስም ለብጠው አደባባይ አወጡኝ። አሁን አልሰማም ስል የዋሸሁ ሆንኩ! እዚያው ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ "ጌታዬ፣ ሰማሁ ስል ማመናችሁ ነው የሚያሳፍረው። የማልሰማ መሆኔን ለማወቅ በግራዬ መጥቶ አንድ ቃል መናገር ይበቃ ነበር።"

ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አምስታችንም ሐኪም ፊት እንድንቀርብ አዘዘች።

አንቴና ከተከሳሽ ሣጥኑ ውስጥ አየኝ። ከስቷል። ዓይኔን ልመልስ ፈለግሁ፤ አልመለስኩም።

በር ላይ አንዱ የሟቹ ደጋፊ ምራቁን ተፋብኝ። "ደሙን ሸጥከው!" አለ። እኔም የሟቹ ደጋፊ ነበርኩ። ነኝ።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ሐኪም ቤት። አምስት ቀጥቃጭ አንድ አግዳሚ ላይ፣ ማንም ማንንም አያይም። 

በርሜል ቆርጦ ነበር የመጣው። ሐኪሟ በግራው ቆማ ስትናገር በመስተዋት ካቢኔው ላይ ከንፈሯን እያየ ሁሉን መለሰ! "በሬ።" "ወንበር።" "ደመና።" ልክ ልኩን። ከዚያ ሐኪሟ አፏን በወረቀት ሸፈነች። በርሜል ካቢኔውን እያየ ጠበቀ።

"ተናግረሻል እንዴ?" አላት።

ሚስማር ነው ያዳነን። "ዶክተር፣ ለሱ ጮክ በይለት፤ ስለ ምግብ ከሆነ ግን ከሩቅ ይሰማል" አለ። በርሜል መሳቅ ጀመረ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ትከሻውን ያዝኩት።

የሁላችንም ግራ ሞቷል። ሐኪሟ በደንብ ጻፈችው።

ሲወጣ በርሜል "ባለቤቱ ካባረረኝ አንተ ቤት ነው የምመጣው፣ ከነልጆቼ" አለኝ። "ና" አልኩት።

ሰኔ 17

ባለቤቱ ጋዜጣውን ከግድግዳው ቀደደው። አላባረረንም፤ አምስታችንን ባንዴ ቢያባርር ማን ይሠራለታል። ደመወዝ ጭማሪ ግን እርማችሁን አውጡ ብሏል።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

አንቴና ተፈታ።

ደስ ብሎኝ ጋዜጣውን ሳነብ ከታች ያለውን አየሁት። ግድያውን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን መግለጫ ነው። "በድምፅ ላይ የተመሠረተ ምስክርነት እምነት የማይጣልበት መሆኑ በሐኪም ስለተረጋገጠ፣ በጆሮ የተሰጡ ቃሎች በሙሉ ውድቅ ተደርገዋል። የመጨረሻው ተኩስ ከየት እንደመጣ ማወቅ አልተቻለም። ምርመራው ተዘግቷል።"

በሙሉ! 

የእኛ ጆሮ ታመመ እንጂ የሰው ሁሉ ጆሮ ታመመ? ሻይ ሻጯን ማን መረመራት? መንገዱ ላይ ነበረች፣ ሁለቱም ጆሮዋ ደህና ነው፣ የሁለት ቤት ማዶ ሐሜት የሚያመልጣት ሴት አይደለችም! የእኔን መደንቆር ወስደው የእሷን አፍ ዘጉበት። ውሸት ስናገር ምስክር አደረጉኝ፤ እውነት ስናገር የነገሩ መክደኛ አደረጉኝ። መጀመሪያም መጨረሻም የተጠቀሙት እነሱ ናቸው። ንዴቴ ምግብ ከለከለኝ።

ደግሞ ቆም ብዬ ሳስብ፣ ያቺን ሴት ከመርማሪው በፊት ያላመናት ማን ነበር?

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

አንቴና ቤት ሄድኩ። እናቱ በሩን ከፈቱልኝ፤ አላስገቡኝም። እሱ ወጣ።

"ወንድሜ፣ በሁለቱም በድዬሃለሁ። በሬድዮውም፣ በዚህኛውም።"

ረጅም ነው፤ ጎንበስ ብሎ አየኝ። "ጋሼ፣ ይቅር ብያለሁ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ለእናቴም እንደዚያ ብያታለሁ። ግን ገና አልመጣልኝም። ሲመጣልኝ ወርጄ እነግርዎታለሁ።"

"እጠብቃለሁ" አልኩት።

የውሸት ይቅርታ ስላልሰጠኝ አከበርኩት። እኔ ሁለት ዓመት የውሸቱን ይዤበት ኖሬያለሁ።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ጠዋት ሻይ ሻጯ ዘንድ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሳልጠይቃት ቀዳችልኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ግን ግማሹ ፈሰሰ።

"ያን ቀን የሰማሽውን ንገሪኝ" አልኳት።

"አሁን? ስናገር የት ነበርክ?"

"ታንከር ሥር።"

ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። ጨርቅ አንስታ የፈሰሰውን ጠረገች። መንገዱን ግራና ቀኝ አየች። ከዚያ ቁጭ አለች።

"ያ ኮት የለበሰው ሰው ወድቆ ነበር። ገዳዩ። ከወደቀ በኋላ ነው። ተመራጩ መኪናው ጎማ ላይ ተደግፎ ይናገር ነበር። በሕይወት ነበር፣ ሰማኸኝ? 'ደህና ነኝ፣ ሰው አትምቱ፣ ደህና ነኝ' ይል ነበር። ሁለቴ አለ። ከዚያ ከከበቡት ጠባቂዎች አንዱ 'ዞር በሉ' አለ፤ ረጋ ብሎ፣ ልክ ወንበር እንደሚያስጠጋ ሰው። ከዚያ ተኩሱ። እዚህ፣ ከዚህ ጠረጴዛ እስከዚያ ምሰሶ። ከዚያ ወዲያ ሰውየው አልተናገረም።"

ሻዩ በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። ቤት ሙሉ ሰው ከጓሮ ጥይት ሲፈልግ፣ እኔም ወደዚያው ስጠቁም፣ ይህ ሁሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ለሚስቱ ነግረሻታል? 'ደህና ነኝ' ማለቱን ታውቃለች?"

"ማን ያስገባኛል? ደግሞ እፈራለሁ። አንተ አትፈራም?"

"እፈራለሁ። ግን አብሬሽ እሄዳለሁ። የአንቴና ጠበቃም ትመጣለች፤ ትላንት ጠይቄያታለሁ።"

አንድ ደንበኛ መጣ፤ "ዛሬ ጨርሻለሁ" ብላ መለሰችው። ከዚያ ሽርጧን ፈታች።

"እሺ፣ ነገ ጠዋት። ግን አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ስንደርስ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። የምናገረው እኔ ነኝ። አንተ ዝም ብለህ ቁም።"

"እሺ" አልኳት።